«ትንሽ ደረጃ ናት»፦ ከአባቴ ጋር አራት ቀን በአዲስ አበባ

አባቴ አዲስ አበባን ለመጨረሻ ጊዜ በእግሩ የረገጣት በ2004 ነው። ከዚያ ወዲህ ስትሮክ መታው፤ ግራ እጁና ግራ እግሩ እንደ ድሮው አይታዘዙትም። ምርኩዝ ይዞ፣ ሰው ከጎኑ ሆኖ፣ ዐሥር ዐሥራ አምስት እርምጃ ይሄዳል። ከዚያ በላይ ዊልቸር ነው። ኅዳር 2017 ሲገባ «ስድስት ኪሎን አንድ ጊዜ ልየው» ብሎ ተነሣ። ዕድሜውን ሙሉ ጂኦግራፊ ሲያስተምር የኖረ ሰው ነው፤ የተማረው ደግሞ እዚያ ነው። 1966ን ሁለተኛ ዓመት ጨርሶ በ67 ደርግ ተማሪውን ወደ ገጠር የላከበት የዕድገት በኅብረት ዘመቻ የወሰደው ትውልድ።

እኔ ባሕር ዳር ላይ አስጎብኚ ነኝ። ሰው ማዞር እንጀራዬ ስለሆነ የአባቴ ጉዞ አላስጨነቀኝም። ሰባት ማረፊያ ቦታ ደወልኩ። ጥያቄዬ አንድ ነበር፦ «መግቢያው ደረጃ አለው?» መልሱም አንድ ነበር፦ «ትንሽ ናት፣ ችግር የለም፣ ልጆች አሉ፣ እናነሣቸዋለን።» ስንት ናት ስል ከወዲያ ማዶ ይሳቃል። እንዲህ ያለ ነገር ይቆጠራል እንዴ?

በሻንጣዬ ኪስ ከአንድ ሥልጠና ያመጣሁት ወረቀት ነበር። የአውሮፓ ኅብረት «የስማርት ቱሪዝም ዋና ከተማ» እያለ ከተሞችን ይሸልማል፤ የመጀመሪያዎቹ የ2019 እ.ኤ.አ. አሸናፊዎች ሄልሲንኪና ሊዮን ናቸው። የሚመዘኑት በአራት ነገር ነው፦ በተደራሽነት፣ በዘላቂነት፣ በዲጂታል አገልግሎት፣ በቅርስና ፈጠራ። አባቴ አውሮፕላን ውስጥ አነበበውና «ተደራሽነት ያልከው ምንድን ነው?» አለኝ።

«ሁሉም ሰው መግባት መቻሉ።»

«እንዴት አድርጎ መግባት?»

ምን ማለቱ እንደሆነ ያኔ አልገባኝም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 10፦ ከቦሌ ወደ መሐል

ከባሕር ዳር ቦሌ በአየር አንድ ሰዓት አይሞላም። በስልክ የጠራነው መኪና ትንሽ፣ አዲስ፣ በኤሌክትሪክ የሚሄድ ነው። ነዳጅ የሚጠጣ የቤት መኪና ማስገባት በ2016 ከተከለከለ ወዲህ ከተማው በነዚህ ድምፅ አልባ መኪኖች ተሞልቷል፤ የእኛ ከተማ ባጃጅ ገና እየጮኸ ነው። ችግሩ ዕቃ መጫኛው ነው። ዊልቸሩ ቢታጠፍ ቢገለበጥ አልገባም አለ። ሾፌሩ አስቦ አስቦ ከጎኑ ባለው ወንበር ላይ አስቀመጠው። መኪናው ሰው የተቀመጠ መስሎት ቀበቶ እሰሩ እያለ ይጮህ ጀመር። ዊልቸሩን ቀበቶ አሰርንለትና ዝም አለ። አባቴ ከኋላ ሆኖ እስከ መሐል ከተማ ድረስ ሳቀ። ሒሳቡ 620 ብር።

ሆቴሉ ጋ ስንደርስ ሳቁ አለቀ። ስሙን ትቼዋለሁ። «ትንሽ ናት» የተባለችው ደረጃ አራት ሆና ጠበቀችን። ልጆቹ በርግጥ ነበሩ። ደህና ዋሉ ሳይሉ፣ ሳይጠይቁ፣ ሁለቱ ከፊት ሁለቱ ከኋላ ሆነው አባቴን ከነወንበሩ ብድግ አደረጉት። ክፋት የላቸውም፤ እንዲያውም «አይዞዎት አባባ» እያሉ ነው። እሱ ግን ዓይኑን ጨፍኖ የወንበሩን ክንድ አንቆ ይዟል። ስንወርድ እንደገና፣ ለራት ስንወጣ እንደገና፣ ስንመለስ እንደገና ሊነሣ ነው ማለት ነው።

ቀጥሎ ሊፍቱ። ዊልቸሩ በበሩ አልገባም። እንግዳ ተቀባይዋ «ታጥፎ ይገባል» አለች። አዎ፣ ይገባል፤ አባቴስ? አባቴ ቀኝ እጁን ዘርግቶ መጀመሪያ ወንበሩን፣ ቀጥሎ በሩን በስንዝር ለካ። ወንበሩ ሦስት ስንዝር፣ በሩ ሁለት ስንዝር ተኩል። «ልጄ፣ ይኼ ጂኦሜትሪ ነው፤ በትሕትና አይፈታም» አለ።

በ2001 የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ሕዝብ የሚገለገልበት ሕንፃ በዊልቸር ለሚሄድም፣ እየሄደ ደረጃ ለማይችልም ሰው የሚሆን መግቢያ ይኑረው ይላል። ሆቴሉ ከአዋጁ በኋላ የተሠራ ነው፤ እብነ በረዱ ገና ፊት ያሳያል። ለአንድ ሌሊት አስቀድሜ የከፈልኩት አይመለስም ተባለ። አልተከራከርኩም።

ያወጣን ሾፌሩ ነው። አልሄደም ነበር። «አራት ኪሎ አካባቢ የማውቃቸው ሴትዮ አሉ፣ እንግዳ ያሳድራሉ» ብሎ ደወለና ስልኩን ሰጠኝ። የለመድኩትን ጥያቄ ጠየቅኩ።

«ሁለት ደረጃ አለው» አሉ ሴትየዋ። «አንዷ ከፍ ትላለች። ሳንቃ ስላለን በሳንቃው ይገባሉ። መታጠቢያ ቤቱ ግን ጠባብ ነው፤ ወንበሩ በር ላይ ይቀራል፣ ከዚያ የሚይዙት ብረት አለ። ይሆናቸዋል?»

በሰባት ጥሪ ያልሰማሁትን በአንድ ትንፋሽ ነገሩኝ። ሳንቃውን ያሠሩት ለእናታቸው ነው፤ እናትየው ካረፉ ሦስት ዓመት አልፏቸዋል። ሳንቃው እንዳይንሸራተት የቆርኪ ክዳን በምስማር ተመትቶበታል። አባቴ እየተንኳኳ ወጣበት፤ እኔ ከኋላ ትንሽ ብቻ ደገፍኩት። ክፍሉ ለሌሊት 1,800 ብር፣ ቁርስ ጨምሮ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 11፦ ፒያሳ

ቁርስ የጾም ፍርፍርና ሻይ። ከዚያ ዓድዋ።

የዓድዋ ድል መታሰቢያ የተመረቀው የካቲት 3 ቀን 2016 ነው፤ ጦርነቱ ከተደረገበት ከየካቲት 23 ቀን 1888 ወዲህ 128 ዓመት ሊሞላ ሃያ ቀን ሲቀር ማለት ነው። ስለ ውስጡ ብዙ ተጽፏል፤ እኔ የምናገረው ስለ ወለሉ ነው። ደረጃ ባለበት ተዳፋት አለ፣ ፎቅ ባለበት ሰፊ ሊፍት አለ። አባቴ «ልቀቀኝ» አለኝ። ቀኝ እጁ ጎማውን እየገፋ፣ ቀኝ እግሩ መሬቱን እየሳበ፣ አንዳንዴ ወደ ግራ እየተንሻፈፈ ሄደ። እኔ ከታመመ ጀምሮ ከኋላው ነበርኩ፤ ስናወራ የማየው ማጅራቱን ነው። ያን ቀን ጎን ለጎን ሄድን። በየሥዕሉ ሥር ሲቆም ፊቱን አየሁት።

ዜሮ ኪሎ ሜትር የሚባለው ነጥብ እዚያው ነው። አባቴ ሠላሳ ምናምን ዓመት የመንገድ ርቀት ለልጆች ሲያስጠና የኖረ ሰው ስለሆነ ጎማውን ነጥቡ ላይ አቁሞ ፎቶ አንሣኝ አለ። ጎማው መሐል ላይ ካልሆነ ብሎ ሦስት ጊዜ አስነሣኝ።

ከዚያ የምኒልክ ሐውልት፣ ከዚያ ጊዮርጊስ። ታቦቱ ዓድዋ የዘመተው ጊዮርጊስ ማለት ነው። አባቴ ከግቢው ውጪ ሆኖ ተሳለመ፤ የቸኮለው ወደ ሌላ ቦታ ነበር።

ዶሮ ማነቂያ። ተማሪ ሆኖ ከጓደኞቹ ጋር ቅዳሜ ቅዳሜ የሚመጣበት ሰፈር። አንዲት የጠጅ ቤት ባለቤት ነበረች ይላል፤ ብር ላለቀበት ተማሪ በደብተር የምትጽፍ። እኔ ሰፈሩ በ2016 ለኮሪደር ልማቱ መፍረሱን አውቃለሁ፤ እሱም በቴሌቪዥን አይቷል። ማየትና መቆም ለየብቻ ናቸው። አበባ ተተክሏል፣ ሣር ተነጥፏል፣ መብራት ቆሟል። ቀኝ እጁን አንሥቶ «እዚህ ጋ» አለ። ቀጥሎ «አይ፣ እዚያ ጋ» አለ። እጁን መለሰው።

ይህን እንዴት እንደምጽፈው እስካሁን አላውቅም። የቆምንበት የእግረኛ መንገድ አባቴ ከታመመ ወዲህ ከሄደበት መንገድ ሁሉ የተመቸው ነው። ሰፊ፣ ለስላሳ፣ ማቋረጫው ላይ ዝቅ ያለ፣ ለዓይነ ስውራን ሸንተረር ያለው ቢጫ ንጣፍ የተነጠፈበት (አንድ ቦታ ላይ ሞተር ቆሞበታል እንጂ)። ድሮ በነበረው የዶሮ ማነቂያ ኮብልስቶንና ቱቦ ላይ ይህን ዊልቸር ሃምሳ ሜትር አልገፋውም ነበር። ግን ሊያሳየኝ የመጣው ቤት የለም። የእኔ ሙያ ለእንግዳ «እዚህ ጋ እንዲህ ሆነ» ማለት ነው፤ ለአባቴ የምለው አጣሁ። እሱም ምንም አላለም። «እርቦኛል» አለ ብቻ።

ምሳ በያይነቱ፣ ለሁለት 480 ብር። ቤቱ አንዲት ከፍ ያለች ደረጃ አለችው፤ አስተናጋጇ ተሸካሚ ከመጥራት ይልቅ ጠረጴዛውን ራሱን ወደ ውጪ አወጣችው። በቴሌብር ልከፍል ስል ኔትወርክ ጠፋ፤ ሩብ ሰዓት ተጠበቀ፤ በመጨረሻ አባቴ ከደረት ኪሱ በመሐረብ የተጠቀለለ ጥሬ ብር አወጣ። ማኪያቶ 50 ብር ነበር፤ ባሕር ዳር ያኔ በ35 እንጠጣ ነበር።

ወደ አራት ኪሎ በእግር እንመለስ ያልኩት እኔ ነኝ። የስልኬ ካርታ አቋራጭ አሳየኝና ተከተልኩት። አቋራጩ ደረጃ ላይ አደረሰን፤ ወደ ታች የሚወርድ፣ መጨረሻው የማይታይ ደረጃ። ካርታው እግር ያለውን እንጂ ጎማ ያለውን አያውቅም። ቆመን ስንፋጠጥ አንድ ሊስትሮ ከጥላው ሥር ጮኸ፦ «ጋሼ፣ በዚያ አይሆንም! ተመለሱና በራስ መኮንን ድልድይ፣ በግራ በኩል ባለው ውረዱ። በቀኝ በኩል ቱቦ ተከፍቷል።» እንዴት አወቅክ አልኩት። ጫማ የሚያስጠርገው ደንበኛው በዊልቸር የሚሄድ ነው፤ የት የት እንደሚዞር ይነግረዋል። ሃምሳ ብር ብሰጠው እምቢ ብሎ የአባቴን ጫማ ጠርጎ ተቀበለኝ።

ወደ ድልድዩ ያለው ቁልቁለት ግን ቀልድ አይደለም። ሰውነቴን ወደ ኋላ ጥዬ እየያዝኩ ወረድኩ፤ ድልድዩን አልፈን ዳገቱ ሲመጣ ደግሞ በደረቴ ገፋሁ። ማታ መዳፌን ሳየው ውሃ ቋጥሯል። ባሕር ዳር ሜዳ ነች፤ ሜዳ ላይ መኖር ጸጋ መሆኑን አላውቅም ነበር።

ሐሙስ፣ ኅዳር 12፦ ጢስ፣ ድንቅነሽ፣ ስድስት ኪሎ

በጢስ ሽታ ነቃን። ኅዳር ሲታጠን ነው። በ1911 የኅዳር በሽታ ከተማውን ሲፈጅ የተጀመረው ልማድ፣ በየሰፈሩ ቆሻሻውን ሰብስቦ ማቃጠል፣ አሁንም አለ። ያኔ የሚቃጠለው ቅጠልና ገለባ ነበር፤ አሁን ፌስታልና የውሃ ፕላስቲክ ይበዛበታል። አባቴ ሳል ያዘው። የቤቱ እመቤት መስኮቱን ዘግተው፣ «የእኛ ዕጣን ይሻላል» ብለው ቡናውን አቀራረቡ። የሚካኤል ዝክር ስላላቸው ዳቦ ተቆርሷል። እስከ አራት ሰዓት አልወጣንም፤ ያ ጠዋት ከጉዞው ሁሉ የተመቸኝ ነው። ለቡናው ሊከፍል የሞከረውን አባቴን ሴትየዋ ተቆጥተው አስቀመጡት።

ብሔራዊ ሙዚየም የሄድነው ለድንቅነሽ ነው። 3.2 ሚሊዮን ዓመት ላስቆጠረች ሴት አራት ቀን ምንም አይደለም፤ ለእኛ ግን ገጠመ። የተገኘችው ኅዳር 15 ቀን 1967 ስለሆነ ሃምሳ ዓመት ሊሞላት ሦስት ቀን ነበር የቀራት። ወደ ታች ያለውን ደረጃ አባቴ መደገፊያውን በቀኝ እጁ ይዞ፣ እኔ ከግራው ሆኜ፣ በራሱ ፈቃድና በራሱ ሰዓት ወረደው። ማንም አላጣደፈው። የታየችን ቅጂዋ ናት፤ ዋናው አጥንት በጥንቃቄ ይቀመጣል።

መስታወቱ ፊት ተቀምጦ ብዙ ቆየ።

«ኅዳር 14 ሌሊት ስድሳዎቹ ባለሥልጣናት ተገደሉ» አለ። «በማግሥቱ አፋር ውስጥ፣ ሐዳር በሚባለው ቦታ እሷ ተገኘች። እኛ ዘመቻ ልንወጣ ሻንጣ የምናስርበት ሰሞን ነው። ያን ሳምንት የሰማነው የመጀመሪያውን ብቻ ነው።»

አጠገባችን የቆሙ ተማሪዎች ዝም ብለው ያዳምጡ ነበር። አንዷ «አባባ፣ ከዚያስ?» አለችው። እኔ ዐሥራ አንድ ዓመት ስለ ድንቅነሽ ለእንግዳ ሳወራ ሁለቱን ቀኖች አገጣጥሜ አላውቅም።

ስድስት ኪሎ ግቢ ስንገባ ድምፁ ተቀየረ፤ ዛፎቹን በስም ይጠራ ጀመር። ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት፣ ከ1953ቱ የታኅሣሥ ግርግር በኋላ ለዩኒቨርሲቲው የተሰጠው፣ አሁን የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋምና ሙዚየሙ ያሉበት ነው። ፊት ለፊቱ ጣሊያን የተወው ጠመዝማዛ ደረጃ አለ። ሙሶሊኒ ሥልጣን ከያዘ ከ1922 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለየዓመቱ አንድ እርከን እየተቆጠረ የተሠራ፣ የትም የማያደርስ ደረጃ ነው። በኋላ ጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀመጠበት። አባቴ ቀና ብሎ አየውና፣ «ትንሽ ናት ያላለኝ ደረጃ ይኼ ብቻ ነው» አለ።

ዓርብ፣ ኅዳር 13፦ በስልክ የታየ ቤት

ጠዋት የሄድንበትን ቤት ስም አልጠራም፤ ጥንታዊ ነው፣ የሚታየው ነገር ሁሉ ፎቅ ላይ ነው፣ ደረጃው የእንጨትና ቀጥ ያለ ነው። በስልክ ያው «ትንሽ ናት» ብለውኝ ነበር። ጥበቃዎቹ እጅጌያቸውን ሲሰበስቡ አባቴ እጁን አነሣ። «አመሰግናለሁ ልጆቼ፣ አልነሣም። ዕቃ አይደለሁም።» በቁጣ አይደለም፤ ሲያስተምር እንደሚናገረው ነው። አውሮፕላን ውስጥ የጠየቀኝ ጥያቄ ያን ጊዜ ገባኝ።

ቲኬት የምትቆርጠው ልጅ ደንግጣ ቆየችና «አባባ፣ ስማርት ስልክ ይዘዋል?» አለችው። የእኔን ሰጠሁት። ቪዲዮ ደውላለት ወደ ላይ ወጣች። አባቴ ግቢው ውስጥ፣ ጥላ ሥር፣ ስልኩን ጉልበቱ ላይ አቁሞ አዛዥ ሆነ። «ወደ ግራ አዙሪው። ቅረቢ። ጽሑፉን አንብቢልኝ። አይ፣ የላይኛውን። መስኮቱን አሳዪኝ፣ ከዚያ ምን ይታያል?» ልጅቷ ጣሪያው ላይ ያለውን የእንጨት ሥራ ስታሳየው እኔ ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ ገብቼ ጣሪያውን ቀና ብዬ እንዳላየሁ ትዝ አለኝ። በሃያኛው ደቂቃ ዳታው አለቀ፤ አንድ ጊጋ ገዛሁና ቀጠሉ። ስትወርድ አልቧታል። አባቴ ስሟን ጠይቆ በደብተሩ ጻፈ። ፎቁን አላየውም፤ ከብዙ ካዩት ይበልጥ ግን ያውቀዋል። ደስ ብሎት ነበር? ግማሽ በግማሽ ይመስለኛል።

ከሰዓት መስቀል አደባባይ። ደመራው ካለፈ ቆይቷል፤ ሰፊው ሜዳ ላይ የሚሮጡና ብስክሌት የሚለማመዱ ልጆች ናቸው። በሜዳው በኩል እንደልባችን ዞርን። አጠገቡ በ2002 የተከፈተው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ አለ። በሩ ጋ ስንደርስ ወንበሩን ወደ መግቢያው አዞርኩ፤ እሱ ጎማውን በቀኝ እጁ ያዘ።

«እለፍ» አለኝ።

«ምናልባት ደረጃ ላይኖረው ይችላል፣ ልጠይቅ?»

«ደረጃው አይደለም። እዚያ ውስጥ የማውቃቸው ፎቶዎች አሉ።»

አለፍን። ማታ ቤት ስንመለስ ሽሮ ቀርቦ ነበር፤ ብዙ አልበላም። ቅዳሜ ጠዋት በረርን። የቤቱ እመቤት ሳንቃውን ራሳቸው ይዘው ወጡ።

ባሕር ዳር

ከተመለስኩ በሳምንቱ አንዲት ሴት ከአዲስ አበባ ደወለችልኝ። እናቷን ይዛ ለገና ልትመጣ አስባለች፤ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ በጀልባ ዘጌ መሄድ ይፈልጋሉ። «ወደ ጀልባው መውረጃው ደረጃ አለው?» አለችኝ።

«ት…» ብዬ ጀመርኩና ቆምኩ። መልሼ እደውላለሁ አልኳት።

ወደ ሐይቁ ሄድኩ። በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ የምወርድበት ነው። ቆጠርኩት፤ ዘጠኝ ነው፣ ሁለቱ ተሸርፈዋል፣ መያዣ የለውም። ተንበርክኬ ከመጨረሻው እርከን እስከ ጀልባው ጠርዝ ያለውንም ለካሁ። ጀልባ አሳፋሪዎቹ ምን ጠፋህ እያሉ ይስቃሉ። ደወልኩላትና ነገርኳት። ዘጌ ላይም ከወደቡ እስከ ገዳሙ ያለው መንገድ ድንጋይና ዳገት መሆኑን ጨመርኩላት።

ትንሽ ዝም አለችና «ወደ ጀልባው የምትገባዋስ ምን ያህል ከፍ ትላለች?» አለች።

«ሁለት ስንዝር» አልኳት።